ጎንደር ስለ ራሷ የምትሰማው ዜና በየት ዞሮ ይመጣል?

ጎንደር አራዳ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ዶርም ውስጥ ያለ ተማሪ ወሬውን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከአራዳ አይደለም። በቦታው የነበረ ሰው በስልኩ 20 ሰከንድ ይቀርጻል፤ ለወንድሙ ይልካል፤ ወንድሙ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው፣ ጓደኛውም ዋሽንግተን ላለ ዘመዱ ያስተላልፋል። እዚያ ያለ የዩቲዩብ ቻናል ርእስ ያወጣለታል፣ ጥፋተኛ ይመርጥለታል፣ ከሥሩ የሐዘን ሙዚቃ ያስገባበታል። ቁራጩ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፤ ከቲክቶክ ተቀርጾ የዲፓርትመንቱ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይወድቃል። ከአራዳ ማራኪ በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ ነው። ወሬው ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ተሻሽጦና ቀለም ተቀብቶ ነው የተመለሰው።

ስለ ሚዲያ ተጽዕኖ በየክፍሉ ክርክር ሲነሣ ነገሩ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» የሚለው ላይ ቶሎ ይቆማል። ጎንደር ላለ ተማሪ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ዜናውን የሠራው ሰው የሚኖረው የት ነው? የዜናው መዘዝ የሚያርፈውስ የት ነው? ሁለቱ ቦታዎች በተራራቁ ቁጥር ሠሪው የመጠንቀቂያ ምክንያቱ ይቀንሳል። ቢሳሳት ጎረቤቱ በሩን አያንኳኳም፤ ሱቁ አይዘጋም፤ ልጁ ከትምህርት ቤት አይቀርም። የሚከተሉት አንቀጾች ይህ ርቀት እንዴት እንደሚሠራና ቅርብ ያለ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያያሉ።

ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ

የዩቲዩብ «ሰበር ዜና» ለምን እንደሚንዛዛ ገርሟችሁ ከሆነ መልሱ ሒሳብ ነው። መድረኩ በቪዲዮ መሐል ማስታወቂያ እንዲገባ የሚፈቅደው ርዝመቱ 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2020 ድረስ ደግሞ 10 ደቂቃ ይጠይቅ ነበር። ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለቻናሉ ባለቤት ይደርሳል። ከማስታወቂያ ሙሉ ድርሻ ለማግኘት አንድ ሺህ ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4 ሺህ ሰዓት የታየ ይዘት፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የአጫጭር ቪዲዮ ዕይታ ያስፈልጋል። ስለዚህ የ40 ሰከንድ ወሬ ያለው ሰው የ9 ደቂቃ ቪዲዮ ይሠራል። ሁለት ደቂቃ ሰላምታና «ሰብስክራይብ ያድርጉ»፣ ሦስት ደቂቃ የጉዳዩ ታሪክ፣ ከዚያ የአንድ አክቲቪስት የፌስቡክ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ይነበባል። አዲሱ ነገር ካለ ስድስተኛው ደቂቃ አካባቢ ይመጣል። ከሌለም ማንም አይከሰስም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የተመልካቹ አድራሻ ነው። አሜሪካ ላለ ተመልካች የሚታይ ማስታወቂያ ኢትዮጵያ ላለ ተመልካች ከሚታየው ይልቅ እጅግ ብዙ ይከፍላል። በአማርኛ የሚሠራ፣ ስለ ጎንደር የሚያወራ ቻናል ለኪሱ የሚበጀው ተመልካች ጎንደር ያለው አይደለም ማለት ነው። ቲክቶክ ላይቭም ያው ነው፤ ስጦታ የሚወረውረው ዶላር የሚያገኝ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ አገሩ ናፍቆታል፣ ቤተሰቡ ያሳስበዋል፣ እንቅልፍ አጥቶ ያያል። ናፍቆቱና ጭንቀቱ ግን ይዘቱን ይቀርጸዋል። ለእሱ ተብሎ በጋለ ድምፅ የተሠራው፣ የውኃ ወረፋ ይዛ ለምትጠብቅ የቀበሌ 18 ሴት ልጅ ስልክ ላይ ሲደርስ «የከተማሽ ሁኔታ ይህ ነው» እያለ ነው።

ፌስቡክ ደግሞ በደረጃ አሰጣጡ ይሠራል። እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ይፋ የሆኑት የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ የንዴት፣ የሐዘንና የሳቅ ምልክቶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ይመዘኑ ነበር። የተናደደ ሰው ያየው ነገር ብዙ ሰው ፊት ይቀርባል፤ በዚያም ላይ ተጨማሪ ሰው ይናደዳል። ኩባንያው በኋላ የንዴትን ክብደት ወደ ዜሮ አውርዶታል። እስከዚያ ድረስ ግን የአማርኛ ፌስቡክ ጸሐፊዎች ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚሄድላቸው በልምድ ተምረዋል፤ ልማዱ ከቀመሩ በላይ ዕድሜ አለው። ሰነዶቹ በወጡበት በ2021 ፍራንሲስ ሃውገን የተባለችው የቀድሞ ሠራተኛ ለአሜሪካ ሴኔት ቃሏን ስትሰጥ ኢትዮጵያን በስም የጠቀሰችው በዚሁ ምክንያት ነው።

መዘዙ የሚያርፍበት ቦታ

ባሕር ዳር ከጎንደር ሩቅ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ስማቸው፣ ፎቷቸውና የሥራ ቦታቸው ከክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ሰነበተ። ቤተሰቡ ጽሑፉ እንዲነሣ ለኩባንያው ቢያመለክትም በጊዜው አልተነሣም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸውና ሌሎች ከሳሾች በ2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ኩባንያ ላይ ክስ መሠረቱ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ያስተላለፈው ኩባንያና የሞቱት ሰው በተለያዩ አህጉሮች ነበሩ።

ጎንደር ራሷ የምታውቀው ሌላ ምሳሌ አላት። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 በአንድ የእስልምና አባት ቀብር ላይ የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ቀጠፈ፣ ንብረት አወደመ። ሚያዝያ 20፣ በመንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ወራቤ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ያን ያህል መንገድ የሄደው ሰው አይደለም፤ ምስልና ርእስ ነው። ወራቤ ያለው ወጣት የጎንደርን መቃብር አያውቀውም፤ የጎንደር ክርስቲያንና ሙስሊም ለስንት ዘመን በአንድ ዕድር እንደኖሩ አላየም። ያየው የተቆረጠ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ሐሰት መሆን እንኳ አያስፈልገውም። እውነተኛ 30 ሰከንድ ከፊቱና ከኋላው ተቆርጦ ሲሄድ ከሐሰት የባሰ ሥራ ይሠራል።

የመንግሥት ሚዲያ በዚህ መሐል የሚሠራው ጥፋት ሌላ ዓይነት ነው። ከተማው ሁሉ የሰማውን ተኩስ ሳይዘግብ ይቆይና በሦስተኛው ቀን «አካባቢው ወደ ቀድሞ ሰላሙ ተመልሷል» ይላል። ከምን እንደተመለሰ ግን የነገረን የለም! ዝም ባለበት ሦስት ቀን ውስጥ ገበያውን ሙሉ ለሙሉ የያዘው ሩቅ ያለው ቻናል ነው። ሰው ዜና ሲያጣ ወሬ ይበላል፤ ይህን ሳይገነዘቡ ተማሪውን «ወሬ አትስማ» ማለት ከንቱ ነው።

ኔት ሲጠፋ

መንግሥት ለዚህ ሁሉ ያገኘው መድኃኒት ማጥፋት ነው። ከሰኔ 22 ቀን 2012 የሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት አልነበራትም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋረጠ።

እነዚህ አንድ ዓይነት ነገሮች አይደሉም፤ ልዩነቱም በተግባር ይታያል። መተግበሪያው ብቻ ሲታገድ መስመሩ አለ፤ ቪፒኤን (መስመሩን በሌላ አገር በኩል አዙሮ እገዳ የሚያልፍ መተግበሪያ) የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። ዳታው ራሱ ሲጠፋ ቪፒኤን ምንም አያደርግም፤ የሚጓዝበት መንገድ የለምና። ብዙ ተማሪ በ2015 የካቲት የረዳው ዘዴ ነሐሴ ላይ እንዴት እንዳልሠራ ግራ የገባው ለዚህ ነው። ነፃ ቪፒኤን ደግሞ በሌላ በኩል ያስከፍላል፤ የትኞቹን ገጾች እንደምትከፍቱ ማየት የሚችለው ባለቤቱ ነው። የባንክ መተግበሪያ ከመክፈታችሁ በፊት ቪፒኤኑን ማጥፋት ይሻላል።

ሲጠፋ ወሬው አይጠፋም፤ ይወፍራል። ስልክና የሚመጣ መንገደኛ ብቻ ሲቀሩ ምስል የለም፣ ሰዓት የለም፣ የሚያመሳክሩበት ሁለተኛ ገጽ የለም። አዘዞ ላይ የተሰማ አንድ ጥይት ፒያሳ ሲደርስ ውጊያ ይሆናል፤ ጎንደር ዙሪያ ለሠርግና ለለቅሶ ጥይት መተኮስ የቆየ ልማድ መሆኑን የሚያስታውስ ይጠፋል። የጨነቀው ወደ ሬዲዮ ይመለሳል። ከውጭ የሚሰሙት የአማርኛ ሥርጭቶች ግን እየሳሱ ነው። የዶይቸ ቬለ አማርኛ እንደ ፈረንጆቹ ከ1965፣ የቢቢሲ አማርኛ ከ2017 ጀምሮ አሉ። የአሜሪካ ድምፅ ግን በእኛ መጋቢት 2017 ላይ በዋሽንግተን ውሳኔ ሥራው ሲቆም፣ ለአርባ ዓመት በላይ ማታ ማታ ሲሰማ የኖረው የአማርኛ ፕሮግራሙም አብሮ ተቋረጠ። የሩቅ ሰው ውሳኔ እዚህም ገብቷል።

ቅርብ ያለ ሰው ምን ማየት ይችላል?

ሩቅ ያለው ቻናል ካሜራ፣ ገንዘብና ተመልካች አለው። ጎንደር ያለ ተማሪ ደግሞ እሱ የሌለው ነገር አለው፤ ቦታውን ያውቃል። ይህ ዕውቀት ሥራ ላይ ሲውል እንዴት እንደሆነ በአንድ ምስል ላይ እንየው። «ትናንት ጎንደር ላይ የሆነ» ተብሎ፣ የካቲት ወር ውስጥ ሰው የተሰበሰበበት ፎቶ ደረሰ እንበል።

መጀመሪያ ኋላውን ተመልከቱ። ኮረብታው ለምለም ከሆነ የካቲት አይደለም። በጎንደር ዙሪያ ዝናቡ በሰኔ ገብቶ በመስከረም ይወጣል፤ አደይ አበባ ከታየ መስከረም ነው፤ ከታኅሣሥ በኋላ ሣሩ ይቢጫል። የፋሲል መዋኛ ውስጥ ውኃ ካለ ፎቶው በጥምቀት ሰሞን የተነሣ ነው፤ ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው ለበዓሉ ነው እንጂ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። የፋሲል ግንብ ከታየ መልኩ ብዙ ይናገራል፤ በቅርቡ ከተደረገለት እድሳት በፊት የነበረው ጠቆር ያለ ድንጋይና ከእድሳቱ በኋላ ያለው ገጽ ስለማይመሳሰሉ ከእድሳቱ በፊትና በኋላ መሆኑን ይለያል። መኪና ካለ ሰሌዳውን አጉሉት። በነባሩ ሰሌዳ «አማ» የሚል ይጠበቃል፤ ቀዩ የታክሲ፣ ሰማያዊው የግል፣ አረንጓዴው የንግድ፣ ጥቁሩ የመንግሥት ነው። «ኦሮ» ወይም «ደሕ» የበዛበት መንገድ ጎንደር የመሆኑ ነገር ያጠራጥራል። የሱቅ ጽሑፍ ተገልብጦ ከታየ ምስሉ በመስታወት ዓይነት ተገልብጧል። ጽሑፍ ከሌለ መኪኖቹን ማየት ነው፤ እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው።

ከዚያ በኋላ ነው ጉግል ሌንስ፣ በምስል የሚፈልገው የጉግል መሣሪያ። ምስሉን ስክሪንሾት አድርጉ፤ የተጻፈበትን ርእስና የቻናሉን ሎጎ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ካልቆረጣችሁ ፍለጋው ሎጎውን ተከትሎ ይሄዳል። ቪዲዮ ከሆነ ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ትዕይንቱ ከሚቀያየርባቸው ሦስት አራት ቦታዎች ውሰዱ። ከተገኙት ውስጥ ቀኑ የቆየውን ፈልጉ፤ አንድ ምስል በ2013 ከወጣ በ2018 ሊፈጠር አይችልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። «ምንም አልተገኘም» ማለት «ምስሉ አዲስ ነው» ማለት አይደለም። ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረው አብዛኛው ምስል በመፈለጊያዎቹ አይታይም፤ የእኛ አገር ፎቶም በብዛት የሚዘዋወረው እዚያው ነው። ሌንስ አሮጌ መሆኑን ሊያረጋግጥ ይችላል፤ አዲስ መሆኑን ግን በጭራሽ።

ምስሉን የላከው የምታውቁት ሰው ከሆነ «እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልክ ጥራቱን ይቀንሳል፣ ውስጡ ያለውን የተነሣበት ቀንና የስልክ መረጃም ያጠፋል። እንደ ፋይል ሲላክ ይቆያል። ጉዳቱም ግልጽ ነው፤ ያ መረጃ ፎቶው የተነሣበትን ትክክለኛ ቦታ ሊይዝ ስለሚችል፣ የተቀበላችሁትን ፋይል ለሌላ ሰው አታስተላልፉ። በቦታው ያለን ሰው ስትደውሉለት ደግሞ «ምን ተፈጠረ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የሰማውን ይደግምላችኋል። «አንተ ራስህ ምን አየህ? የት ቆመህ? በስንት ሰዓት?» ነው የሚባለው። የታጣቂ ወይም የሠራዊት እንቅስቃሴ በስልክ መጠየቅ ግን ደዋዩንም ተቀባዩንም አደጋ ላይ ይጥላል፤ ያንን ሳያውቁ መቅረት ይሻላል።

ሰዓት ብዙ ጉድ ያመጣል

ከጎንደር ወሬዎች ውስጥ «አስቀድመው ያውቁ ነበር» የሚለው ክስ ስንት ጊዜ ከሰዓት አቆጣጠር ብቻ እንደሚወለድ ብዙ ሰው አያስተውልም። አንድ ነገር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሆነ እንበል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰምቶ ለጠፈ። በበጋቸው በእኛና በእነሱ መሐል የ7 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ እዚያ ሌሊት ነው፤ ስልኩ ላይ 2:30 ይላል። ይህን ስክሪንሾት አድርጎ ይልካል። ጎንደር ያለው አንባቢ 2:30 ሲያይ በራሱ ልማድ የጠዋት 2:30 አድርጎ ያነበዋል፤ ነገሩ ከመሆኑ ግማሽ ሰዓት በፊት! ከዚያማ ሴራው ተጠናቀቀ። በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ስክሪንሾት ላይ ያለ ሰዓት ያለ አገሩ ዋጋ የለውም።

ዓመትም እንዲሁ ነው። ስልክ የሚያሳየው የፈረንጆቹን ነው። «2014» የሚል የድሮ ፖስት ያየ ሰው በእኛ 2014 መስሎት ከጦርነቱ ጊዜ ጋር ያያይዘዋል፤ ነገሩ ግን በእኛ 2006 ወይም 2007 ነው። በተገላቢጦሽም፣ በእኛ 2014 የተባለን ዜና ውጭ የተወለደው ልጅ ወደ ሌላ ዘመን ይወስደዋል።

ቻናሉን መመርመር

ቴሌግራም ቻናል ሲመጣላችሁ ንግግሩ ላይ ያለውን የቀን ምልክት ነክታችሁ መቁጠሪያውን ክፈቱና ወደ መጀመሪያው ቀን ሂዱ። የመጀመሪያዎቹ ፖስቶች የሥራ ማስታወቂያ፣ የፊልም ወይም የእግር ኳስ ከሆኑ ቻናሉ ተከታይ ሰብስቦ ስሙን የቀየረ ወይም የተሸጠ ነው። የስም ለውጡ ካልተሰረዘ በቻናሉ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ፌስቡክ ላይ የገጹ ግልጽነት የሚለው ክፍል ገጹ መቼ እንደተከፈተ፣ ምን ምን ይባል እንደነበርና የሚያስተዳድሩት ሰዎች በየትኛው አገር እንዳሉ ያሳያል። «የጎንደር ልጆች ድምፅ» የሚል ስም ያለው ገጽ አስተዳዳሪዎቹ በሙሉ ሌላ አህጉር ካሉ፣ ያ ብቻውን ውሸታም አያደርገውም፤ በማን ኪሳራ እንደሚናገር ግን ይነግራችኋል።

የዕይታ ቁጥር አያታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ከቻናል የተላለፈ ፖስት ላይ የሚታየው ቁጥር የእናንተ ግሩፕ ሳይሆን ከመነሻው ጀምሮ የተደመረው ነው። ሦስት ቻናል አንድ ነገር ስለጻፈም ሦስት ምንጭ አይሆንም፤ ሦስቱም ያው የፊደል ስሕተት ካላቸው ምንጩ አንድ ነው። ታዋቂ ሚዲያ አስመስሎ የሚሠራው የዜና ካርድ የሚያዘው በአብዛኛው በዚህ ነው። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይደረግበታል፣ ፊደሉ ከሚዲያው የተለመደ ፊደል ይለያል፣ ቀን የለውም። ለማረጋገጥ ግን ካርዱን ማፍጠጥ አያስፈልግም፤ ሚዲያው ራሱ ገጽ ላይ ገብቶ ማየት ይበቃል። እዚያ ከሌለ የለም።

ለተማሪ ከሁሉም የሚቀርበው የፈተና ማጭበርበሪያ ነው። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ከተሰረዘ ወዲህ «መልሱ አለን» የሚል ቻናል ጠፍቶ አያውቅም። ከ2015 መስከረም ጀምሮ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያለ ስልክ መፈተን ከጀመሩ በኋላ፣ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ጭንቀቱ ጨመረ፤ ገበያውም አብሮ አደገ። ዘዴው ይህን ይመስላል። ከፈተናው በፊት ሌሊት አንድ ተራ ፎቶ ወይም ነጥብ ብቻ ይለጠፋል። ተማሪዎቹ ወጥተው ጥያቄው በየቦታው ሲበተን አስተዳዳሪው ያንኑ ፖስት ያርምና የጥያቄውን ፎቶ ይተካበታል። የተለጠፈበት ሰዓት አይቀየርም። «ማታ 5 ሰዓት ላይ ለጥፈን ነበር፣ የነገውን የሚፈልግ ብር ይላክ» ይላል። ማረጋገጫው ከሰዓቱ አጠገብ «ታርሟል» የምትለው ትንሽ ምልክት ናት። እሷ ካለች የሚታመን ሰዓት የለም። ውጤትን ደግሞ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ኦፊሴላዊ መንገዶች ውጭ የሚያሳይ ሁሉ መለያ ቁጥራችሁን የሚሰበስብ ነው ብሎ መነሣት አያስከፋም።

ሕጉ ሼር ላይ ምን ይላል?

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ከተባለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አሁን ግን ቅጣትም አለው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ይቀጣል። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። በዚያ ምክንያት ሁከት ከተነሣ ደግሞ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። ላይክና ታግ ማድረግ እንደ ማሠራጨት አይቆጠርም፤ ሼር ግን ይቆጠራል። ሐሰተኛነቱን «ማወቅ ሲገባው» ያሠራጨም ስለሚጠየቅ «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን አያድንም። አዋጁ ለገዢው ክፍል ምቹ ሆኖ ሊተረጎም ይችላል የሚለው ትችት ከጅምሩ አለ፤ ተገቢም ነው።

ያም ሆኖ ውስጡ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ። በሁኔታው ሊደረግ የሚችለውን ያህል ጥረት አድርጎ ለማጣራት የሞከረ ሰው፣ እንዲሁም ከዜና ይልቅ ወደ ፖለቲካዊ አስተያየትና ትችት ያዘነበለ ንግግር በሐሰተኛ መረጃ አይጠየቅም። ጥረቱን ግን ማሳየት ያስፈልጋል። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት የሌንስ ውጤቱን፣ የመጀመሪያውን ፖስት ሊንክና የደወላችሁበትን ሰዓት ቴሌግራም ላይ «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ አኑሩት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስሕተት የለጠፈ ጓደኛን ማረም ሲመጣ፣ ግሩፑ ውስጥ «ውሸት ነው!» ብሎ መጮህ ክርክር ያስነሣል፤ በየክርክሩም ምስሉ እየተነሣ ይታያል። በውስጥ መስመር ጻፉለትና ራሱ እንዲያጠፋው ጠይቁት፤ ፖስቱን ከማጥፋቱ በፊት ግን ስንት ግሩፕ እንዳስተላለፈው ይንገራችሁ፤ ካጠፋው በኋላ የተላለፉት ቅጂዎች እንዳሉ ይቀራሉና። ማረሚያውን እዚያው ግሩፕ ላይ በሁለት መስመር ጻፉ፤ ምስሉ የየት ነው፣ የመቼ ነው፣ እንዴት ታወቀ። ዋናውን ምስል ደግማችሁ አትለጥፉ። ግድ ካስፈለገ ከዳር እስከ ዳር መስመር አስምራችሁበት፣ «የቆየ ፎቶ» ብላችሁ ላዩ ላይ ጽፋችሁበት ይሁን፤ ጽሑፉ ከምስሉ ሥር ከሆነ የሚቀጥለው ሰው ቆርጦት ነው የሚልከው።